የካሸሯ ጠቋሚ ጣት

ደንበኛዬ ካሸሯ የውበት ሳሎኑን በር በትከሻዋ ገፍታ ስትገባ ጠቋሚ ጣቷን እንደ ክስ ማስረጃ ቀስራ ነበር። ጥፍሩ መሃሉ ላይ ተሰንጥቋል። ያስረዘምኩት እኔ ነኝ፤ የሚሰበረውም ሁልጊዜ ያው ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሂሳብ ማሽኑን የምትመታበት ጣት።

የሳሎኑ ባለቤት አክስቴ የደንበኛ ፀጉር እየጠቀለለች በመስተዋቱ ውስጥ አየችኝና መጠቅለሏን ቀጠለች። የተሰበረውን አንስቼ፣ ለቅዳሜ ቀጥሬ ካሸሯን ከሸኘኋት በኋላ ግን ወደ ጓዳ ጠርታ ነገሩን አሳጠረችው። ይህቺ ሴት ዳግም ሰብራ ብትመጣ የጥፍር ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጥታ እኔን ፀጉር አጣቢ ታደርገኛለች። ፀጉር ማጠብ አልወድም። ወገብ ይፈጃል፣ የሰው ወሬ ያሸክማል፣ ሲያልቅም የእኔ የምለው ነገር አይተርፍም።

ጥፍር ማስረዘም ሲያዩት ቀላል ነው። ተለጣፊ ወረቀት ከጥፍሩ ጫፍ ስር ይገባል፣ ጄል የሚሉት ዝልግልግ ፈሳሽ በብሩሽ እስከ ወረቀቱ ይዘረጋል፣ ማድረቂያው መብራት ውስጥ ገብቶ ይጠነክራል፣ ወረቀቱ ይላጣል፣ ከዚያ ሞረድ ነው። እኔ ደግሞ ፈጣን ነኝ። አክስቴ ስሠራ ስታየኝ ምድጃ ላይ ወጥ ትቼ የመጣሁ እመስላታለሁ።

በማግስቱ ሳሎኑ ዝግ ስለነበር ማታውን ቤት በወሰድኩት ጄልና መብራት የራሴን ግራ እጅ ጥፍሮች አስረዘምኩና የት እንደሚሰበር ልይ ብዬ ሥራ አበዛሁበት። ድንች ላጥኩ፣ ካልሲ አጠብኩ፣ የተጣበቀ ክዳን ፈለቀቅኩ። እናቴ ያለ ልማዴ ሥራ ስሻማት አይታ ግንባሬን ዳሰሰች። ከሰዓት በኋላ የታጠበውን ሳሰጣ ጥፍሬ ቀጭ አለ። እዚያው ቦታ፤ የራሴ ጥፍር አልቆ ጄሉ ብቻውን በሚወጣበት መስመር ላይ።

ሳቄ መጣ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሲቪል ምህንድስና ነው። በረንዳ የሚሰነጠቀው ከግድግዳው በሚወጣበት በኩል መሆኑን ፈተና ላይ ጽፌ አልፌያለሁ። ጥፍሩም ያው በረንዳ ነው፤ እኔ ግን የሚጋጨው ጫፉ ነው ብዬ ጫፉን ሳወፍር ከርሜያለሁ። እዚያ ያለው ውፍረት ሸክም እንጂ ጉልበት አይደለም። ጄሉ ወፍሮ ጉብ ማለት ያለበት መስመሩ ላይ ነው።

ይህን ማወቅና መሥራት ግን ለየቅል ሆኑብኝ። ጄል እንደ ማር ይፈሳል። ጉብታውን ባነሳሁት ቁጥር ወደ ጎን ሸሸ፣ በብሩሽ ባባረርኩት ቁጥር ቆዳዬ ላይ ወጣ። በመጨረሻ ተናድጄ ብሩሹን አስቀመጥኩና እጄን ገለበጥኩት፤ ጥፍሬ ወደ ወለሉ ዞረ። ጄሉ ማንም ሳይነካው ወደ መሃል ተሰብስቦ ጉብ አለ። ቶሎ አቅንቼ መብራቱ ውስጥ ከተትኩት። እሱ ጥፍር አልተሰበረም፤ ድስት ስፈገፍግበት እንኳ።

ቅዳሜ ካሸሯ እያጉረመረመች ተቀመጠች። ጄሉን ዘርግቼ እጇን እንድትገለብጥ ስነግራት መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ አየችኝ።

«ደግሞ ልመና አስጀመርሽኝ?»

«ለእኔም ለምኚልኝ» አለች አክስቴ ከወዲያ።

ቀጠሮዋ ሳይደርስ፣ በሚቀጥለው ሳምንት፣ ካሸሯ ተመልሳ መጣች። እጇ ኪሷ ውስጥ ነው። አክስቴ ማበጠሪያዋን አስቀመጠች።

«ተሰበረ» አለች ካሸሯ።

የፀጉር ማጠቢያው ገንዳ ከመቼውም ይልቅ ሰፍቶ ታየኝ።

«ያው ጣት?» አለች አክስቴ።

«ኧረ ጣቴስ ደህና ነው። የገንዘብ መሳቢያው እጀታ ነው። አልከፈት ብሎኝ በጥፍሬ ብስበው ተነቅሎ መጣ። አለቃዬ እጀታውን ትቶ ጣቴን ሲያይ ዋለ።» እጇን አወጣች። ጠቋሚ ጣቷ እንዳለ ነበር። የመጣችው አጠገቧ የምትሠራው ልጅም ይህንኑ ስለፈለገች ቀጠሮ ልትይዝላት ነው።

አክስቴ እጇን ይዛ ወደ መስኮቱ ወሰደቻት፤ ጥፍሮቿን አንድ በአንድ ገልብጣ አየች።

«አውራ ጣቷን አጣመምሽው» አለችኝ። «ወረቀቱን ስትለጥፊ የጣቷን አቅጣጫ ተከተዪ እንጂ የጠረጴዛውን አይደለም።»

እውነቷን ነው፣ ተጣሟል። ወረቀቱን ጣቷ ተጋድሞ ሳለ ለጥፌው ነበር። ካሸሯን አስቀምጬ ሞረዴን አነሳሁ።

በሩ ተከፈተና አንዲት ሴት ፀጉሯን ለመታጠብ ገባች። ቀና ብዬ አክስቴን አየኋት። እጅጌዋን ሰብስባ ወደ ገንዳው ሄደች።