ከስቱኮው በታች

ልብስ ሰፊዋን ቤተሰቡ የሚጠራት «ገጭ» እያለ ነው። ስሙን ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ሲሆን፣ ያወጣላትም የሃያ አራት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ለልምምድ በሰጣት መኪና የወላጆቻቸውን የግንብ አጥር ታክካ ያለፈች ዕለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሰባት ዓመት ነጎደ። አገባች፣ ወለደች፣ የራሷን ሱቅ ከፈተች፣ የስንቱን ሙሽራ ልብስ ሰፋች፤ ስሙ ግን አልለቀቃትም። መሪ ደግሞ ዳግመኛ አልጨበጠችም።

በሌላው ነገር እጇ የማይደፍረው የለም። የሰው ጀርባ አንዴ አይታ፣ ሜትር ሳታወጣ ጨርቅ የምትቆርጥ ሴት ናት። ስለዚህ ወንድሟ ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ወር፣ ያቺን መኪና ለብረት ገዢ ሊሰጣት ነው ሲባል ሰማችና ሱቋን ዘግታ ቤቱ ድረስ ሄደች።

መኪናዋ ጓሮ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ሁለት በር ያላት፣ መብራቶቿ ክብ፣ ጀርባዋ ጎበጥ ያለ፣ ቢጫ መኪና ናት። ሞተሯ ዛሬም በመጀመሪያው ቁልፍ ይነሳል። አካሏ ግን አልቆለታል፤ የበሮቹን ታች ዝገት በልቶት ወንፊት መስሏል፣ ከፊት ጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጎ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል።

«ለእኔ ስጠኝ» አለችው። «ቤቴ ወስጄ አካሏን እሠራዋለሁ።»

ወንድሟ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የተጨማደደ መኪና ሲያቃና የኖረ ባቲላሜራ ነው። እስኪያስለው ሳቀ። «አንቺ? ይሄ እኮ ቀሚስ አይደለም።»

«ቀሚስስ ምን አለው? ያም ይቆረጣል፣ ይታጠፋል፣ ይገጣጠማል። እንዲያውም ላሜራ ይሻላል፤ ወፈርኩ ቀጠንኩ እያለ አያስቸግርም።»

ነገሯ ቀልድ እንዳልሆነ ሲገባው ሳቁን አቆመ። «ውሰጃት እንግዲህ። ግን ጉልበቴን ታውቂዋለሽ፤ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ከማዘዝ በቀር አልረዳሽም።»

«ማዘዝ መቼ ጠፍቶብህ ያውቃል ጋሼ» አለችና ቁልፉን ተቀበለች። መኪናዋን ነድቶ ያደረሰላት ግን እሱ ነው።

ከሱቋ ጀርባ፣ በቆርቆሮው ጣራ ስር ሥራው ተጀመረ። በመጀመሪያው ሳምንት መኪናዋን እንደሚተረተር ልብስ ፈታታቻት። መብራቱን፣ እጀታውን፣ ከፊትና ከኋላ ያሉትን መከላከያዎች ነቀለች፤ እያንዳንዱን ብሎን አዝራር በምታስቀምጥባቸው ትንንሽ ከረጢቶች አድርጋ ከየት እንደወጣ ጻፈችበት። ወንድሟ ጠዋት ጠዋት ጋዜጣውን በብብቱ ይዞ ይመጣና ወንበሩ ላይ ይሰየማል። ከኪሱ ትንሽ ማግኔት አውጥቶ ሰጣት።

«በላሜራው ላይ አሂጂው። የሚይዝበት ብረት ነው፤ የሚወድቅበት ስቱኮ ነው። ስቱኮ ማለት ዱቄት ነው፤ ጭረት ይሞላ ይሆናል እንጂ ብረት አይሆንም። ስቱኮ እየለጠፈ ሠራሁ የሚል ባቲላሜራ ሌባ ነው፤ በእኔ እጅ እንዲህ ያለ ሥራ ወጥቶ አያውቅም።» ይህን ሲል አፉን ሞልቶ ነው።

የበሮቹን ታች በራሷ መንገድ ሄደችበት። ወንድሟ በዓይኑ ገምቶ ቆርጦ፣ ከዚያ በመዶሻ እየቀጠቀጠ ማስተካከል የለመደ ሰው ነው። እሷ የልብስ ንድፍ የምታወጣበትን ወረቀት በሩ ላይ ለጥፋ፣ ጠርዙን በእርሳስ ተከትላ፣ ለእጥፋቱ ትርፍ ጨምራ ላሜራውን በብረት መቀስ ቆረጠች። የመጀመሪያው አጠረ፤ የላሜራውን ውፍረት እጥፋቱ ላይ ማሰብ ረስታ ነበር። ወንድሟ ጋዜጣውን ሳያወርድ «እህ» አለ። እሷም ወርውራው ሌላ ቆረጠች። ሁለተኛው ቦታው ላይ ልክክ አለ።

ከመንገዱ ማዶ የሚሠራው በያጅ ቁራጩን ሊበይድ መሣሪያውን እየጎተተ ሲመጣ ገጥሞ አየው፤ አገላብጦም አየው። «ማነው የቆረጠው?» ብሎ ወንድሟን ጠየቀ።

ወንድሟ በጣቱ ወደሷ አመለከተና ወደ ጋዜጣው ተመለሰ።

ሥራው እንዲህ እያለ ሁለት ወር ሄደ። የቀኝ ጎን አለቀ፣ ፊቱ አለቀ። ከኋላ ጎማ በላይ ባለው የግራ ጎን ላይ ግን ወንድሟ ነገር ይዟል። «ያንን ተይው፤ ደህና ነው፤ ላዩን ቀብተሽ እለፊው» ይላታል። የገጨችው በዚያ በኩል ስለሆነ፣ አሮጌ ነገር እንዳይቀሰቅስባት አስቦላት መስሏት በሆዷ ታመሰግነው ነበር።

አንድ ቀን እሱ ለጉልበቱ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበረውና ቀረ። እሷ ማግኔቱን ይዛ በግራ ጎን ብታሄደው ከእጇ አምልጦ መሬት ወደቀ። ደግማ ሞከረች፤ መዳፍ በሚያህል ቦታ ሁሉ አልይዝ አለ። አልገረማትም፤ የራሷ ሥራ ነው፣ ታውቀዋለች። መፋቂያውን አነሳችና ጀመረች።

መጀመሪያ ከላይኛው ቀለም ጋር ቀላ ያለ ስቱኮ ተነሳ፤ ስስ ነው፣ እንደ ወረቀት። ከስሩ ሌላ ቢጫ ቀለም መጣ። እዚህ ላይ እጇ ቆመ። ከቀለም ስር ብረት መሆን ነበረበት፤ ማግኔቱ ግን አሁንም ይወድቃል። ቢጫውን ፋቀች። ከስሩ ሌላ ስቱኮ፣ ግራጫ፣ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ወጣ። እሱን በመሮ እየፈለጠች ስታወርደው ከላይ ወደ ታች ቀጥ ያለ፣ ጠባብና ጥልቅ ስርጉድ ታየ። በስርጉዱ ውስጥ ሰማያዊ ቀለም ተጣብቋል።

ሁለቴ የተጣፈ ልብስ ስንት ጊዜ እጇ ገብቷል። የትኛው መጣፊያ ቀድሞ እንደተሰፋ ለማወቅ ማንንም አትጠይቅም። እሷ የታከከችው ግንብ ነጭ ኖራ የተቀባ ነበር፤ የታከከችውም በጎን፣ ረጅም ጭረት ነው። ይሄ ቋሚ ነው። የብረት ቋሚ ምሰሶ የወጋው ነው። ወንድሟ ይሠራበት የነበረው ጋራዥ በር ላይ ደግሞ ሁለት ሰማያዊ ቋሚዎች ነበሩ።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ጥቅል ጨርቅ ተሸክማ በዝናብ የጠበቀቻቸው አውቶቡሶች ታወሷት። ባሏ «መንዳት ላስተምርሽ ወይ?» ሲላት «እኔ ለመሪ አልተፈጠርኩም» እያለች የመለሰችበት ጊዜ ሁሉ ታወሳት። ንዴቱ እስከ ጣቶቿ ወረደ። በዚህ እጅ ብረት እንደማይነካ ታውቃለችና ሱቅ ገብታ የሰው ሱሪ ስታሳጥር ዋለች።

ወንድሟ ከሰዓት በኋላ በከዘራ እያነከሰ መጣ። የተፋቀውን ጎን አየ። ከዘራውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ቆመ። እሷ ከሱቅ ወጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«ይሄ ሰማያዊ ምንድነው ጋሼ?»

ስርጉዱን በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ «የጋራዡ ቋሚ ነው» አለ። «በገዛኋት በሳምንቷ ነው። አባባ ግማሹን ገንዘብ ሲሰጠኝ፣ አንዲት ጭረት ካየሁባት ቁልፉን ትመልሳለህ ብሎኝ ነበር። በምሳ ሰዓት በስቱኮ ሞላሁትና ቀባሁት። አንቺ ግንቡን ስትታከኪ የስቱኮው ዳር ተገምሶ ወረደና ጉዳቱ ትልቅ መሰለ። አባባ በር ላይ ቆሞ ያያል። አንቺ አለቀስሽ። እኔ ዝም አልኩ።»

«ስሙንም አንተ አወጣህልኝ።»

«እኔ አወጣሁልሽ። ሰው ሲስቅ አንቺም አብረሽ ሳቅሽ፤ የረሳሽው መሰለኝ። ከዚያ ቀኑ ሲሄድ አፌን መክፈት እያቃተኝ መጣ።»

«የእኔ ጭረት ብቻውን ቢሆን ምን ያህል ነበር?»

«በብርጭቆ ወረቀት የሩብ ሰዓት ሥራ።»

አላለቀሰችም፤ አልጮኸችም። ከተቀመጠችበት ተነስታ ወንበሩን ወደሱ ገፋች።

«እሁድ ምሳ ላይ ሁሉም ባለበት አንተው ራስህ ትናገራለህ» አለችው። «ይሄን ጎን ደግሞ ያለ ጠብታ ስቱኮ እንዴት እንደሚቃና ታሳየኛለህ።»

«ሁለት ሳምንት ይፈጃል።»

«ይፍጅ።»

በማግስቱ ከማንም ቀድሞ መጣ፤ ጋዜጣ አልያዘም። ከኋላ የሚደገፈውን ብረት በግራ እጇ፣ መዶሻውን በቀኟ አስያዛት። «መሀሉን አትንኪ፤ ከዳር ጀምረሽ ግቢ። መሀሉን ከመታሽው ይለጠጥና መግቢያ ያጣል።» የተኮማተረ ጨርቅ ስትተኩስም እንደዚሁ ስለሆነ ወዲያው ገባት። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ድምፁን ያዳምጣል፤ መዶሻው ከኋላው ብረት ጋር ሲገናኝ ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ ሲስት ይታፈናል። «ሳትሽ» ይላል። «አሁን ያዝሽው» ይላል። እብጠቱን በመዳፏ ስትፈልግ ከመዳፏ ስር የገበር ሐር አደረገች፤ በሐሩ ላይ ትንሿም ጉብታ ትታወቃለች። ወንድሟ ቁራጩን ተቀብሎ ራሱ ሞከረና «ሠላሳ ስምንት ዓመት በባዶ እጄ ስዳብስ ኖሬ» አለ። አሥራ አንድ ቀን ፈጀ።

እሁድ ምሳ ላይ ተናገረ። ልጆቹ መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ፤ ፊቱን ሲያዩ ሳቃቸውን አቋረጡ። ሚስቱ ማንኪያዋን አስቀምጣ አየችው። ታናሽ ወንድማቸው ነገሩን ለማለዘብ ብሎ «ታዲያ ከእንግዲህ ምን ብለን እንጥራት?» አለ።

«ስም አለኝ፤ እሱን ጥሩኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ። አንዳንዱ አሁንም ያመልጠዋል፤ ወንድሟ ግን አንድም ቀን አምልጦት አያውቅም።

በሚቀጥለው ሰኞ መንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ተመዘገበች። አሠልጣኙ በልጇ ዕድሜ ያለ ጎረምሳ ነበር፤ «እማማ» ብሎ ሲጀምር «እማማ ገና ነኝ፣ ማርሹን አሳየኝ» አለችው። የመጀመሪያውን ፈተና ወደኋላ ማቆም ላይ ወደቀች። ሁለተኛውን አለፈች።

መኪናዋ ጸረ ዝገት ተቀብታ፣ ከዳር እስከ ዳር ግራጫ ሆና ወደ ቀለም ቀቢው የምትሄድበት ቀን ደረሰ። ወንድሟ በልማድ ወደ መሪው በኩል ሲዞር እሷ ቀድማ ገብታ ተቀምጣለች። ዞሮ በሌላኛው በር ገባ። መንገዱ ሁለት ዳገትና አንድ አደባባይ አለው። ባሻገር አንድ የጭነት መኪና በታየ ቁጥር የወንድሟ ቀኝ እግር የሌለ ፍሬን ይረግጣል።

«ጉልበትህን ታሳምመዋለህ» አለችው መንገዱን እያየች።

ቀለም ቀቢው በር ላይ ሲደርሱ ቀስ ብላ አቆመችና ሞተሩን ሳታጠፋ ጠበቀች። ወንድሟ ከዘራውን አውጥቶ ወረደ፤ በሩን ዘጋና እስክትወርድ ቆመ።

«አትወርጂም?»

«አንድ ጊዜ ዞር ብዬ ልምጣ። አንተ ስለ ቀለሙ እያወራህ ቆየኝ።»

«ወዴት ነው የምትዞሪው?»

«እኔ እንጃ» አለችና ማርሽ አስገባች። ቀለም ቀቢው ወንበር ሲያመጣለት ወንድሟ ተቀመጠ። አርባ ደቂቃ ጠበቃት።