ለአንድ ሰው የተቀየረ ቀለም

«አንዷን ፍሬ ሁለቴ ቆጠርካት» አሉት አጎቱ ሻውካት።

ራፋቃት ነጩ አንሶላ ላይ ከተከመረው የቴምር ፍሬ አንዷን አንስቶ በየፍሬው ለሟች የሚባለውን ጸሎት በከንፈሩ አለና ወደ ሌላው ክምር ጣላት። ታናሽ ወንድሙ ሙዘሚል ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው።

የሙዘሚል የሥራ ባልደረባ አርሳላን አጠገቡ ተቀምጦ በሹክሹክታ ያወራዋል። «ራፋቃት ባሂ፣ ወንድሜ፣ በእርስዎ የተነሳ ከአለቃችን ጋር ተጣልቶ ነበር እኮ። የምንሠራው የመደወያ አፕ ላይ የማንሻው ቁልፍ ሰማያዊ፣ የመዝጊያው ቢጫ ይሁን ብሎ ድርቅ አለ። አለቃችን ለስንት ሰው ብለህ ነው ሲለው፣ ለአንድ ሰው አለ። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ።»

«እሱስ ሳቀ?»

«አልሳቀም።»

ለራፋቃት ቀይና አረንጓዴ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም የደረቀ ጭቃ። በጉብዝናው ወራት፣ በአባቱ ክር ማቅለሚያ ቤት፣ የሙሽራ ቀይ ክር አረንጓዴ በርሜል ውስጥ ነከረ። አባቱ ደንበኛ ፊት «ዕውር» ብለው አባረሩት። ይኸው እስከ ዛሬ ባለሦስት እግር ሪክሾ ይነዳል። የተማረው ሙዘሚል ነው።

ባለፈው ሳምንት ሙዘሚል አዲስ ስልክ ገዝቶለት መጣ። «የቁልፎቹን ቀለም ልቀይርልህ፣ ባሂ ጃን። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።»

«አንተም ዕውር ልትለኝ ነው?» ብሎ ራፋቃት ስልኩን ከእጁ ነጠቀው። በአሮጌው ስልክ ማንሻው በግራ እንደነበር በልምድ ያውቃል። በአዲሱ በየት በኩል እንደሆነ አልጠየቀም።

መጋረጃው ተገለጠና እናታቸው አሚ ከሴቶቹ ክፍል ወጥተው ፊቱ ተቀመጡ።

«ፖሊሱ የልጄን ስልክ መለሰልኝ። ካናሉ መንገድ ላይ ሞተር ሳይክሉ ከተገለበጠ በኋላ የደወለው ላንተ ብቻ ነው። ምን አለህ?»

«ኧረ ተይው አሁን» አሉ ሻውካት።

«የልጄን የመጨረሻ ቃል ይንገረኝ። ሌላ ምን ቀረኝ?»

ውሸቱ አፉ ላይ ደርሶ ነበር። «እናታችንን አደራ» አለኝ ቢል ማን ያውቅበታል?

«ያነሳሁ መስሎኝ ዘጋሁበት፣ አሚ» አለ። «ሃሎ ሃሎ አልኩ፣ ዝም። ከፈለገ መልሶ ይደውል ብዬ ኪሴ ከተትኩት። ተቀይሜው ነበር። ያን ሰዓት ሪክሾዬን ያቆምኩት እኮ ከዚያው ከካናሉ መንገድ ማዶ ነው።»

ፍሬ የሚጥል እጅ አልነበረም።

አሚ ቀኝ እጁን ወደ ራሳቸው ሳቡ።

«በየትኛው ጣት ነው የዘጋኸው?»

አውራ ጣቱን አሳያቸው። በጭብጣቸው ያዙት፤ አልለቀቁትም።