የልጅ ደጃፍ

"አጥፊው አልኩሽ! ማቀዝቀዣውን አጥፊው፤ ሞተሩ ሊፈላ ነው!"

ዶሪን ማቀዝቀዣውን አጥፍታ መስኮቱን አወረደችው። የገባው ነፋስ ከእቶን አፍ እንደወጣ ሁሉ ፊቷን ለበለባት። የአሪዞና ዳገት ገና አላለቀም። አልጋቸውን፣ ምድጃቸውንና የቀረቻቸውን ዕቃ ሁሉ የተሸከመው ረጅም መኪና በከባድ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣል።

ባሏ ሃርላን ዕድሜውን ሙሉ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። አምና ግራ ጎኑን የመታው ስትሮክ መሪውን ቢቀማውም ምላሱን አልነካበትም። የኔብራስካውን ቤታቸውን ሸጠው በዚህ መኪና ውስጥ መኖር ከጀመሩ ወዲህ የምትነዳው እሷ፣ የሚያዘው እሱ ነው። እንደነሱ በመኪና የሚኖሩት ጡረተኞች የሰሜኑን በረዶ ሽሽት ወደዚህ በረሃ ይመጡና የሐምሌ ሙቀት ሳይገባ ነቅለው ይሄዳሉ። እነሱ ግን የሚተኙበትን ክፍል የሚያቀዘቅዘው የጣራው ማሽን ተበላሽቶባቸው፣ እስኪጠገን እንኳ መጠጊያ ብለው ፊኒክስ ከተማ ወዳለው ልጃቸው ወደ ክሬግ እየሄዱ ነው። ኑ ያላቸው የለም። ዶሪን ደውላ "እየመጣን ነው" አለችው እንጂ።

"ሁለት ሳምንት ብንቀመጥበት ምን ይጎድልበታል?" አለ ሃርላን፣ ላቡን በደህና እጁ እየጠረገ። "ቤቱ እንደሆነ ሰፊ ነው።"

"ቀስ ብዬ እጠይቀዋለሁ።"

"ምን መጠየቅ ያስፈልጋል? አባቱ አይደለሁም እንዴ?"

ዶሪን ማርሹን ቀየረች። ክሬግ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነው ሻንጣውን በረዶ ላይ ወርውሮ "ውጣልኝ!" ያለው ይኸው አባቱ ነው። ሃርላን ይህን ረስቶታል፤ ወይም የረሳ ይመስላል።

ሲደርሱ ክሬግ እናቱን አቅፎ ሳማት፤ አባቱን ጨበጠው። ዕቃ ሳያወርዱ ግን ዶሪንን ወደ ጎን ሳብ አደረጋት።

"እማዬ፣ መኪናው እዚህ መቆም አይችልም። የሰፈሩ ነዋሪዎች ማኅበር ደንብ አለው። ከአንድ ሌሊት ካለፈ ይቀጡናል።"

"አንድ ሌሊት ብቻ?"

"ምን ላድርግ? ደንብ ነው።"

እራት ላይ ሃርላን ሥጋው አረረ አለ። ቀጥሎ ክሬግ ቢላዋ አያያዝ እንደማያውቅ ተናገረ። ክሬግ ቀና ብሎ አላየውም።

በማግስቱ ፀሐይ ሳይበረታ ዶሪን ወጥታ የመኪናውን የውሃ ማጠራቀሚያ በጎማ ቱቦ መሙላት ጀመረች። ከመንገዱ ማዶ አንድ እኩያዋ የሚሆኑ ሰውዬ አትክልት ያጠጣሉ። ስማቸው ሩፊኖ ነው። ከኋላቸው እንደነዶሪን መኪና አልጋና ምድጃ ያለው መኪና ቆሟል።

"ደህና አደሩ! ለብዙ ቀን ነው የመጣችሁት?"

"ኧረ አሁኑኑ ልንሄድ ነው። ደንቡ አይፈቅድም አሉን።"

"የምን ደንብ?" ሩፊኖ ሳቁ። "ይቺ የኔዋ ከፋሲካ ጀምሮ እዚሁ እንደተገተረች ናት። አንድም ሰው ለምን አቆምካት አላለኝ!"

ዶሪንም አብራቸው ልትስቅ ሞከረች። ውሃውን ዘግታ ገባች። ክሬግ ወጥ ቤት ቆሞ ቡና ይጠጣል።

"ጎረቤትህን አነጋገርኳቸው" አለችው።

ክሬግ ኩባያውን አስቀመጠ። ለመካድ እንኳ አልሞከረም።

"አንቺ ለምን አትቀሪም? ክፍልሽ ተዘጋጅቷል። ለእሱ የአረጋውያን ማረፊያ አለ፤ ጠይቄያለሁ።"

"ጠይቀሃል።"

"እማዬ፣ ያንን ድምፅ ቤቴ ውስጥ መስማት አልችልም! ትናንት እራት ላይ ቀና ማለት እንኳ ሲያቅተኝ አላየሽም? ይሄን የሚያህል ሰውዬ ሆኜ!"

አይታለች። ልትቆጣው ፈልጋ ቁጣው ከየት ይምጣ።

"የውጭው ሙቀት ሰው ይገድላል እኮ፣ ክሬግ።"

"ለዚህ እኮ ነው ቅሪ የምልሽ።"

"እሱን ጥዬ?"

"ያኔም እሱን ነው የመረጥሽው" አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ዶሪን ኩባያውን ከፊቱ አንስታ አጠበችው፤ አደረቀችው፤ ቦታው መለሰችው። ከዚያ ግንባሩን ስማው ወጣች። አልከለከላትም፤ አልተከተላትምም።

ሃርላን መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሲጠብቃት ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል።

"እህስ፣ ምን አለ? ሁለት ሳምንቱን እሺ አለ?"

ዶሪን ወደ ቤቱ መስኮት ተመለከተች። መጋረጃው ተዘግቷል።

"ቅሩ ብሎ ለመነኝ" አለች። "እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።"

"ምን አልሽ?"

"ሙቀቱን አልቻልኩትም። ፍላግስታፍ እንውጣ፤ ተራራው ላይ ይቀዘቅዛል።"

የሃርላን ፊት ቀላ። "ምን ዓይነት ሴት ነሽ? ልጁ ደጁን ከፍቶ ሲለምንሽ! ልብ የለሽም? ልጄን አስቀየምሽብኝ እኮ!"

"እሺ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።"

"የማን ሊሆን ኖሯል!"

ሞተሩን አስነሳችና መኪናውን ወደ መንገዱ አወጣችው። ሃርላን መስኮቱን አውርዶ ደህና እጁን አወጣና፣ ወደ ተዘጋው መጋረጃ ያውለበልብ ጀመር። ዶሪን እጁን እስኪያስገባ ድረስ ፍጥነት አልጨመረችም።