ወደ ሰሜን ያዘመመው መቅደስ

ሚስተር ኤድዊን ተርሎ የመንደሩን ቤተ ክርስቲያን ቁልፍ ከያዙ ሠላሳ አንድ ዓመታቸው ነው። ጎብኚ በመጣ ቁጥር በሩ ላይ ያቆሙትና ወደ መቅደሱ አሻግሮ እንዲያይ ያዙታል። መቅደሱ ከምእመናኑ አዳራሽ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ምሥራቅ መሄድ ሲገባው ወደ ሰሜን አዘምሟል። ለጎብኚ የሚታደለው ጽሑፍ ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ "ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ ራሱን ዘንበል ማድረጉን ለማስታወስ ነው" ይላል። ይህን የጻፈችው ባለቤታቸው ሙሪየል ናት። ሙሪየል ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል።

በግንቦት ሰበካ ጉባኤው ጽሑፉ ይታደስ አለና ዶክተር ፊሊፓ ግሪንግራስ የተባለች የጥንታዊ ሕንፃዎች አጥኚ አስመጣ። ዶክተሯ መለኪያዋን በሦስት እግሩ አቁማ ሁለት ቀን ሙሉ ግድግዳ ለግድግዳ ስትለካ ዋለች። ተርሎ በየሰዓቱ ሻይ ያመላልሱላታል። ሻዩ ሰበብ ነው፤ የፈሩት ለዚያች ዓረፍተ ነገር ነው። ሙሪየል ሰው እንዲያነበው ትታ ያለፈችው ነገር ያቺ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረች።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዶክተሯ ብስኩቷን አስቀመጠች።

"ሚስተር ተርሎ፣ ያ ስለ ጌታ ራስ የተጻፈው ነገር..."

"ስሕተት ነው በሉኛ።"

"ማን እንደጻፈው ያውቃሉ?"

"አርባ አራት ዓመት አብሬያት ኖሬያለሁ።"

ዶክተሯ ቀላች። "ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ግድ የለም። ታዲያ ምን ሆኖ ነው የጠመመው?"

"የድሮው መቅደስ ትንሽ ነበር። ጎረቤት ሰበካ በሾጣጣ ቅስትና በሰፋፊ መስኮት ሲሠራ የዚህ መንደር ሰዎችም አማራቸው። እንዳያፈርሱት ደግሞ ቅዳሴ ሊታጎል ነው። ስለዚህ አዲሱን ግድግዳ በአሮጌው ዙሪያ አቆሙት። ውስጥ ይቀደሳል፣ ውጭ ይገነባል።"

"ብልሆች ናቸው።"

"ብልሆች ናቸው፤ ግን አሮጌው መሃል ተገትሮ ግድግዳ የሚያቀኑበትን ገመድ ከየት ወዴት ይወጥሩት? በዓይን ግምት ሄዱ። አሥራ ስምንት ዓመት ለፍተው አሮጌውን ሲያፈርሱ ነው ጉዱን ያዩት።"

"ምን አሉ?"

"የጻፉት ነገር የለም።"

"አይጽፉማ። እኔም ብሆን አልጽፍም።"

ዶክተሯ ከወለሉ ሥር የቀረውን የአሮጌውን መሠረት አሳየቻቸው። ቀጥ ያለ ነው። ተርሎ ተንበርክከው ድንጋዩን በእጃቸው ዳሰሱት። አንድ እሑድ እንኳ ቅዳሴ ላለማቋረጥ ብለው አጣመሙት ማለት ነው። ይህ ከጌታ ራስ ታሪክ ይልቅ ደስ አላቸው፤ መደሰታቸውም አሳፈራቸው። እስክሪብቶ አውጥተው የሙሪየልን ዓረፍተ ነገር ከጽሑፉ ላይ ራሳቸው ሰረዟት።

ሰበካ ጉባኤው በሳምንቱ ተሰብስቦ መቅደሱ ጠማማ መሆኑን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ።

ዓረፍተ ነገሯን በሰረዙበት ቀን ግን ተርሎ ቤተ ክርስቲያኑን ቆልፈው፣ ለጉልበታቸው ሳይሳሱ እየተቻኮሉ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሙሪየል እንዲህ ያለ ወሬ ከሌላ ሰው አፍ ከሰማች ታኮርፋለች፤ ሲመሽ ግን ራሷ እንዳገኘችው አድርጋ ለመንደሩ ሁሉ ታወራዋለች። ኮታቸውን ሳያወልቁ ማድቤት ገቡ።

"ሙሪየል፣ ገመድ መወጠሪያ አጥተው ነው እኮ" አሉ።

ለካ መሞቷን ረስተውት ኖሯል። ተርሎ ወንበር ስበው ተቀመጡና ከቀብሯ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሱ።