ጥሎሹ ላይ የተመዘዘው መርፌ

ሃምሳ አለቃ ሣህሌ ልጁን አይናለምን የዳረ ዕለት የሆነውን ማን ያምናል? ኧረ ጉድ ነው! ሰውየው ኮሪያ ዘምቶ፣ ቆስሎ ጃፓን ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ሌላው ዘማች ሬዲዮና ጨርቅ ይዞ ሲመለስ እሱ አሰላ ይዞ የገባው ድንጋይ ነው። ጄድ የሚሉት አረንጓዴ የከበረ ድንጋይ። ከዚያ ወዲህም ከዘማች ጓደኞቹ እየለመነ፣ እየለወጠ አንድ ሳጥን ሞላ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሳጥኑን ይከፍትና ለጎረቤት ያስተምራል።

«እውነተኛ ጄድ ጉንጭ ላይ ሲያርፍ ይቀዘቅዛል። መርፌ ደግሞ አይጭረውም። የውሸቱ ግን ዱቄት ያወጣል» ይላል። ከዚያ አንዱን ጉንጩ ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል። ወይ ሣህሌ! ከጭላሎ ብርድ በሚወርድበት አሰላ፣ በማለዳ የማይቀዘቅዝ ምን አለ? የበር እጀታም ይቀዘቅዛል እኮ! መርፌውን ግን ለራሱ ድንጋዮች አንድም ቀን አላስነካቸውም። ሚስቱ ወይዘሮ ብርቄ «እስቲ አንዱን እንኳ ሞክረው» ብትለው፣ «ሰው የገዛ ዓይኑን በመርፌ ይወጋል እንዴ?» ብሎ ተቆጣት።

የሁሩታው እህል ነጋዴ አቶ ገብረኪዳን ለልጃቸው ለአሳምነው ሽማግሌ ሲልኩ፣ ሣህሌ እሺ አለ። እሺ አለና ደግሞ ጣጣ አመጣ። «ጥሎሹ ላይ ለልጄ አንገት ጄድ ካልመጣ ሙሽራ ከዚህ ቤት አትወጣም» አለ። ሁሩታ ገበያ ገብስና ስንዴ እንጂ ጄድ ከየት ይመጣል? አይናለም ይህን ስትሰማ እንቅልፍ አጣች። አሳምነውን ትወደዋለች፤ አባቷ ደግሞ አንዴ ካለ አለ ነው።

ጥር ላይ ሠርጉ ደረሰ። ዳሱ ጢም ብሎ ሞላ። ሚዜው ጥሎሹን እያነሳ ለሁሉም ያሳያል። ቀሚሱ ታየ፣ ካባው ታየ። የሙሽራዋ ወገን እንደ ወጉ «ይኸው ነው እንዴ?» እያለ አጣጣለ፣ ሰውም ሳቀ። በመጨረሻ ሚዜው ከደረት ኪሱ በብር የታሰረ አረንጓዴ ድንጋይ አወጣ። የሣህሌ ልብ ዘለለ። ከየት አገኙት?

ተቀብሎ ጉንጩ ላይ አደረገው። ሞቀው። የሚዜው ኪስ አሙቆት ይሆናል ብሎ አላሰበም፤ ደሙ ፈላ። ኮቱ ላይ ሰክቶት የነበረውን መርፌ መዘዘና ድንጋዩን ጫር አደረገው። ነጭ ዱቄት ብን አለ።

«የውሸት ነው!» ብሎ ጮኸ። «እኔን ሣህሌን! በልጄ ሠርግ ሊያታልሉኝ!»

አቶ ገብረኪዳን ክው አሉ። «በዚህ ሽበቴ አታላይ ተባልኩ?» አሉና ከዘራቸውን አነሱ። «ልጆች፣ ተነሱ! ወደ አገራችን እንግባ።» የሁሩታ ሰው ግር ብሎ ተነሣ። አሳምነው ሙሽራ ልብሱን እንደለበሰ መሬት መሬቱን ያያል። እልልታው ሴቶቹ አፍ ላይ ቀረ።

ያኔ መጋረጃው ተገለጠና አይናለም ወጣች። ሙሽራ ሳትጠራ ዳስ ውስጥ! ሴቶቹ «በስመ አብ!» ብለው አፋቸውን ያዙ።

«አባባ፣ ድንጋዩ የርስዎ ነው» አለች። «ለሠርጉ ግርግር ብለው ሳጥኑን ቆልፈው ቁልፉን ለእኔ ሲሰጡኝ የወሰድኩት እኔ ነኝ። አሳምነው አንጥረኛ ዘንድ ወስዶ በብር አሳሰረው። አባቱ ምንም አያውቁም። እኔን ይምቱኝ፤ እሳቸውን ግን አይስደቡብኝ።»

ሣህሌ በመርፌው ጫፍ የብሩን ማሰሪያ ፈለቀቀ። ከሥሩ የተሸረፈውን ጠርዝ አየ። እሷው ናት! ሆስፒታሉ ወለል ላይ ወድቃ የተሸረፈችበት፣ ጃፓን የገዛት የመጀመሪያዋ ድንጋይ። ሌባ የሚለው ቃል እንኳ አልመጣለትም፤ እንዲያው ዱቄቱን ብቻ ያያል። ጓዳ ገብቶ ሳጥኑን አወጣና በእንግዳው ሁሉ ፊት ከፈተው። አንዱን ጫረ፤ ዱቄት። ሌላውን ጫረ፤ ዱቄት። አስተምሯቸው የነበሩት ጎረቤቶች አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ጫረ፣ አሁንም ጫረ። ወይዘሮ ብርቄ መርፌውን ከእጁ ነጠቀችው።

«ይበቃል፣ አንተ ሰውዬ! ልጅህ ቆማ እያለቀሰች ነው!»

ቀና ሲል ሙሽራውና ወገኑ በሩ ላይ ደርሰዋል። ሣህሌ ሮጠ። ካጥሩ ሥር ትልቅ ድንጋይ ፈንቅሎ ማጅራቱ ላይ አወጣና፣ የበደለ ሰው እንደሚያደርገው፣ አቶ ገብረኪዳን እግር ሥር አጎንብሶ ቆመ። ያ በኮሪያ ተራራ አንገቱን ያልደፋ ሰው!

«ስለ እግዚአብሔር ብለው ይቅር ይበሉኝ» አለ። «አታላይም ተታላይም እኔው ነኝ። ልጄን ግን ትተዋት አይሂዱ።»

የድንጋዩ አፈር በሣህሌ አንገት ላይ ይረግፋል። አቶ ገብረኪዳን አይናለምን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። ከዘራቸውን ለሚዜው ሰጡና በሁለት እጃቸው ድንጋዩን ከማጅራቱ ላይ አነሡለት።

«ይሄኛውን በመርፌ አልሞክረውም፣ ሃምሳ አለቃ» አሉ። «እውነተኛ ነው።»