መብራት እንዳይመጣ

የደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የኮምፒውተር ባለሙያ የሆነው ይታያል ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሃል ቀርቅሮ ኪቦርዱን ይደበድባል። ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። ከላቦራቶሪው በር እስከ ሆስፒታሉ አጥር ሕመምተኛ ተሰልፏል፤ የማንም ውጤት አይወጣም። ከቁይ የመጡት መሪጌታ አካለ ወልድ ለቀዶ ጥገና ተዘጋጅተው ተኝተዋል። ሦስት ሳምንት የተጠበቀው የምርመራ ውጤታቸው ሰርቨሩ ውስጥ ተቀብሯል፤ ሐኪሙ ደግሞ እሱን ሳላይ ምላጭ አላነሳም ብለዋል።

ጥፋቱ የማን ነው? የራሱ የይታያል ነው እንጂ። ከእሱ በፊት የነበረው ባለሙያ ፍቅረ ሥላሴ፣ ውጤቶቹ የሚቀመጡበትን ፕሮግራም ወደ አዲስ እንዳይታደስ አሮጌው ቨርዥን ላይ ቆልፎት ነበር የሄደው። ለምን እንደቆለፈው ግን አንዲት መስመር አልጻፈም። ይታያል ትናንት ቁልፉን ሲያየው የስንፍና መሰለውና ፈታው፤ ለሆስፒታሉም በሥሩ ላሉት ስድስት ጤና ጣቢያዎችም ሁሉን ወደ አዲሱ የሚያሻግር ትዕዛዝ በአንዴ ለቀቀ። አንዱን ሞክሮ ሌላውን ቢያስከትል ምን ነበረበት? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። የላቦራቶሪው ሶፍትዌር ከአዲሱ ጋር እንደማይግባባ ያወቀው ዛሬ ነው። አሮጌውን ኢንተርኔት ላይ ቢፈልገው፣ ከተነሳ ቆይቷል።

አሮጌው ቅጂ የቀረው ሉማሜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ተገልብጦ ቢመጣ የሆስፒታሉ ሰርቨር ይመለሳል። የሉማሜ ጤና ጣቢያ ማሽን ትዕዛዙ ገብቶለት ሳይፈጽመው መብራት ጠፋ። መብራቱ ሲመለስ በራሱ ይነሳና አዲሱን በኢንተርኔት ስቦ አሮጌውን ያጠፋዋል። ዕድሜውን ሙሉ መብራት ሲጠፋ ሲራገም የኖረው ይታያል፣ ዛሬ መብራት እንዳይመጣ ለኪዳነ ምሕረት ጧፍ ተሳለ።

ኮንትራቱ ሊያልቅ አሥር ቀን ቀርቶታል። ጠዋት ሥራ አስኪያጁ አቶ ዓለምነው ምን ሆነ ሲሉት፣ አፉ ቀድሞት "መብራት ነው ያበላሸው" ብሏቸዋል።

በስንት መከራ ስልኩ ተነሳ። የጤና ጣቢያው የጽዳት ሠራተኛ እትዬ ሥራነሽ ናቸው። ኃላፊው ስብሰባ ሄዷል አሉ፤ የማሽኑ ክፍል ቁልፍ ግን እሳቸው ጋ ነው። ይታያል እየለመነ፣ እየተንተባተበ ክፍሉ ድረስ አስገባቸው።

"ከማሽኑ ጀርባ ሰማያዊ የኢንተርኔት ገመድ ይታይዎታል?"

"ይታየኛል። ይሄን እንዳትነኩ ተብለናል እኮ፣ ልጄ። ባለፈው ዘበኛው ፈንታ ነክቶ ደመወዙን ተቀጣ።"

"እትዬ ሥራነሽ፣ በኪዳነ ምሕረት ይዤዎታለሁ፣ ይንቀሉት። እዚህ ሰው ይሞትብኛል።"

የሴትዮዋ ድምፅ ዝቅ ብሎ መጣ፦ "እሰይ፣ መብራቱም መጣ።"

ማሽኑ ተነስቶ ሥራ እስኪጀምር ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

"ይንቀሉት፣ እባክዎ።"

"እኔ የልጆች እናት ነኝ። ነገ ማን አዘዘሽ ሲሉኝ ምን እላለሁ?"

ይታያል ቀና ሲል አቶ ዓለምነው በሩ ላይ ቆመዋል። ስልኩን ይዞ ወደ ኮሪደሩ መውጣት ይችል ነበር። አልወጣም፤ ድምፁንም አልቀነሰም።

"የደብረ ማርቆሱ ይታያል አዘዘኝ ይበሉ። መብራት አይደለም፣ ሳይሞክር አዲሱን ጭኖ ሁሉን ያበላሸው እሱ ነው ይበሉ። ስሜን ይጻፉት።"

"ጽሕፈት አልችልም፣ ልጄ" አሉ እትዬ ሥራነሽ፤ "ግን ሰምቻለሁ።" ገመዱንም ነቀሉት።