ላስቲኩ ያልተቀደደው ካሴት

ሌላው ሰው ሴት ሲወድ ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌ መላክ በሌለበት አገር ደግሞ ራሱ ተንበርክኮ ይጠይቃል። እኔ ሌስሊ ሆልዴን ግን ካሴት ላክሁ። ጉልበቴን ስለሚያመኝ አይደለም፤ ጉልበቴስ ደህና ነው። የታመመው ከጉልበቴ በላይ ነው፤ ስትሰሙኝ ራሳችሁ ትፈርዳላችሁ።

ልጆች ሳለን፣ ከትምህርት ቤት መጥተን ራት እስኪቀርብ፣ «የቲስልዴል ባቡሮች» የሚባል የልጆች ፊልም በቴሌቪዥን ይታይ ነበር። ፊት ያላቸው፣ የሚያወሩ፣ የሚኳረፉ ባቡሮች። ከሁሉም እኔ የምወደው ጊልበርትን ነበር፤ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ሁልጊዜ አርፍዶ የሚደርስ፣ ለተሳፋሪው ቀርቶ ለድልድዩም ይቅርታ የሚጠይቅ ባቡር። ሌላው ልጅ አደገና ረሳው። እኔ አደግሁና መሰብሰብ ጀመርኩ። ዛሬ ኪዝሊ ከተማ ያለው ቤቴ ሦስት መኝታ ክፍል አለው፤ ሦስቱም ውስጥ በካርቶን የታሸገ መጫወቻ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። እኔ ሳሎን ሶፋ ላይ እተኛለሁ። እንግዳ ሲመጣ ለወገቤ ጥሩ ነው፣ ሐኪም ያዘዘኝ ነው እላለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከነዚያ ሁሉ ባቡሮች በአንዱም ተጫውቼ አላውቅም። በእኛ ዘንድ ካርቶኑ ያልተከፈተ መጫወቻ ንጉሥ ነው፤ የተከፈተ ግን ያው መጫወቻ ነው። አዎ፣ መጫወቻን መጫወቻ ሲሉት የሚከፋቸው ሰዎች ነን። በወር አንድ እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጠረጴዛ ዘርግተን እንገበያያለን፤ ጸጉራችን ሸብቶ፣ ሆዳችን ቀድሞን፣ አንዱ የሌላውን ካርቶን በሁለት ጣት ይዞ እንደ አራስ ልጅ እያገላበጠ።

ግሌንዳን ያገኘኋት እዚያ ነው። የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነበረች፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል። እሷ የምትሰበስበው የፊልሙን የቪዲዮ ካሴቶች ነው። የጊልበርትን ድምፅ አስመስላ ይቅርታ ስትጠይቅ አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። ከእኛ ሁሉ የምትለየው ካሴቶቹን ማየቷ ነው፤ አሮጌ ዴክ አላት፣ ሲበላሽ ራሷ ፈታ ትገጥመዋለች። ሕጓ ግን ጥብቅ ነው። «አንዱ ለማየት፣ አንዱ ለማስቀመጥ» ትላለች። ከእያንዳንዱ ካሴት ሁለት ትይዛለች፤ የተከፈተው ዴክ ውስጥ ይገባል፣ የታሸገው መስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ። ይህን ሕግ ከአፏ ስሰማ ዓመታት ቆጥሬያለሁ። ልብ በሉልኝ፤ ሰምቼዋለሁ።

ጎናችን ጠረጴዛ የሚዘረጋው ትሬቨር ነው። ሲሸጥ ሲገዛ የኖረ ነጋዴ፣ ምላሱ ምላጭ የሆነ ሰው።

«አንተ ሰውዬ» አለኝ አንድ እሑድ፣ «ሻይ ባቀበለችህ ቁጥር ጆሮህ ቲማቲም ይመስላል። ንገራትና ገላግለን።»

«ምኑን ነው የምነግራት?»

«የአየር ጠባዩን። ምኑን ይለኛል እንዴ።»

ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔ ዝም አልኩ፤ የኔስ ነቀዘ።

እንግዲህ አንድ ቀን ስኪፕተን ከተማ፣ ከአንድ የልባሽ ሱቅ ቅርጫት ውስጥ፣ ከአሮጌ ሹራብ ሥር ያን ካሴት አገኘሁት። ሲያትሙት ተሳስተው ጊልበርትን ሽፋኑ ላይ አረንጓዴ ያደረጉት፣ ገበያ ወጥቶ ወዲያው የተሰበሰበው። ላስቲኩ እንኳ አልተነካም። ግሌንዳ አንድ የተከፈተ አላት፤ የታሸገውን ግን ስትፈልገው ኖራለች። ከፍዬ ወጣሁ። እናም አውቶቡስ ውስጥ ሐሳብ መጣልኝ። ሐሳብ የሚመጣልኝ በጣም አልፎ አልፎ ስለሆነ ስንዴውን ከእንክርዳዱ መለየት አልለመድኩም።

የእናቴን ቀለበት ካሴቱ ውስጥ ላስቀምጠው። ግሌንዳ ትከፍተዋለች፣ ታየዋለች፣ እኔ ምንም መናገር አይጠበቅብኝም።

ቤቴ ገብቼ በፀጉር ማድረቂያ ላስቲኩን አሞቅሁና በወረንጦ ገላለጥኩት። ካሴቱ ጥቅልሉ የሚዞርባቸው ሁለት ነጫጭ ቀዳዳዎች አሉት አይደል? ቀለበቱ አንደኛው ውስጥ ልክክ አለ። ከዚያ አዲስ ላስቲክ ቆርጬ አለበስኩት፣ በሙቀት አጠበቅሁት። ጨርሼ ሳየው በራሴ እጅ ተደነቅሁ። ይህ ሥራ በእኛ መሀል ምን እንደሚባል ግን አልነገርኳችሁም፤ ወንጀል ነው። ከፍቶ መልሶ አሽጎ አዲስ ነው ያለ ሰው አለቀለት። አንዱን ከዓመታት በፊት ይዘውት ነበር፤ እስከ ዛሬ አዳራሹ ውስጥ አጠገቡ ቆሞ ሻይ የሚጠጣ የለም። እኔ ግን ለፍቅር ነው አልኩ። ደግሞም ስትከፍተው እነግራታለሁ፣ እንስቃለን።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤቷ ይዤላት ሄድኩ። ሎሚ ያለበት ኬክ ጋግራ፣ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ ከንፈሯን ቀብታ ጠበቀችኝ። እኔ ብልሁ፣ ከኔ በኋላ ሌላ ቦታ የምትሄድ መሰለኝ። ካሴቱን ሰጠኋት። ወደ መስኮቱ ወሰደችው፣ ገለበጠችው፣ ጎኑን በጣቷ ደጋግማ ዳሰሰችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ከየት አገኘኸው ሌስሊ?»

«ከስኪፕተን።»

«እግዜር ይስጥልኝ። እና... ሌላ የምትለኝ ነገር የለህም?»

ይህን ጥያቄ ሴት ልጅ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ስትጠይቅ፣ በሬም ቢሆን አንድ ነገር ይላል። እኔ ያልኩትን ልንገራችሁ?

«ፀሐይ እንዳይመታው» አልኳት።

መስታወቱ ውስጥ መሀል ላይ አስቀመጠችው። ኬኬን በልቼ፣ አመስግኜ፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ማታውኑ ትደውላለች ብዬ ስልኩን ሶፋው ላይ አስተኛሁት። አልደወለችም። በማግስቱም፣ በሳምንቱም። ሳምንቱ አልፎ አንድ ጠዋት ጥርሴን ስቦርሽ ሕጓ ትዝ አለኝና ብሩሹ ከአፌ ወደቀ። አንዱ ለማየት፣ አንዱ ለማስቀመጥ። የምታየው አላት። ይሄኛው የሚቀመጠው ነው። እስክትሞት አትከፍተውም፤ እኔም ብሆን አልከፍተውም። የጋብቻ ጥያቄዬን በዓለም ላይ ማንም በማይከፍተው ነገር ውስጥ ከትቼ፣ ለዚያው ለማይከፍተው ሰው ሰጠሁት።

ልንገራት እንዳልል፣ ከፍቼ መልሼ አሽጌ ሰጠሁሽ ማለት ሊሆን ነው። አጭበርባሪ መባል ነው። እናም በየወሩ አዳራሹ ውስጥ ዙሪያ ጥምጥም እሄዳለሁ።

«ግሌንዳ፣ ያን ካሴት አላየሽውም?»

«እንዴት ብዬ? ታሽጎ?»

«እሱማ ነው። ግን ሰው አንዳንዴ... ቢከፍተውስ?»

እጇን ግንባሬ ላይ አሳረፈች። «ትኩሳት የለህም» አለች። ትሬቨር ወዲያ ማዶ ሳቁን ሻይ ኩባያው ውስጥ ደበቀ። የእጇ ሙቀት ግን ግንባሬ ላይ ሰነበተ፤ ምን ልዋሻችሁ፣ እወዳታለሁ።

የፈሩት ይደርሳል። በጸደይ መግቢያ ላይ ግሌንዳ ጠረጴዛዋን ሳትዘረጋ መጣችና ቤቷን መሸጧን ነገረችን። ዊትቢ፣ ባሕሩ ዳር፣ ወደ እህቷ ልትጠቃለል ነው። የእህቷ ቤት ጠባብ ስለሆነ ካሴቶቹን በሙሉ ትሬቨር ከእሷ ይገዛል፤ በመጪው ቅዳሜ በመኪናው መጥቶ ይጭናል።

እሷም ልትሄድ፣ ቀለበቱም ለትሬቨር ሊሸጥ። ያን ሳምንት ምን እንደበላሁ አላስታውስም። ቅዳሜ ሲጫን ላግዛችሁ ብዬ ሄድኩ። ዕቅዴ ካሴቱን ሰው ሳያየኝ ኮቴ ውስጥ መክተት ነበር። ለካ መስታወቱ ይቆለፋል፤ ቁልፉም ትሬቨር እጅ ነው።

ትሬቨር አንድ በአንድ እያወጣ ያገላብጣል፣ ካርቶን ውስጥ ይከታል። አረንጓዴው ጋ ሲደርስ አፏጨ። ከዚያ ማፏጨቱን አቆመ። መነጽሩን አደረገ፣ ወደ ብርሃኑ ወሰደው።

«ግሌንዳ» አለ፣ «ይሄን ማን ሰጠሽ?»

«ሌስሊ።»

«ይህ ላስቲክ የፋብሪካ አይደለም። የፋብሪካው መጋጠሚያ ከጀርባ ነው፤ ይሄ ጎኑ ላይ ነው። ተከፍቶ የታሸገ ነው።» ዞሮ አየኝ። ቀልዱ ሁሉ ከፊቱ ጠፍቶ ነበር።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«አውቃለሁ» አለች ግሌንዳ።

ሁለታችንም ዞር አልን። እሷ ኩባያዎች በጋዜጣ እየጠቀለለች ነበር፤ መጠቅለሏንም አላቆመችም።

«የሰጠኝ ዕለት ነው ያወቅሁት። አታለውት ነው የሸጡለት ብዬ አሰብኩ። እንዲያ ደስ ብሎት ይዞልኝ መጥቶ ሐሰተኛ ነው ልበለው? አንጀቴ አልቻለም። አንተም ተወው ትሬቨር፣ አታሳፍረው።»

ወንጀለኛ ሆኜ ከቆምኩበት ሞኝ ሆኜ ተገኘሁ። የባሰው ግን ያ አልነበረም። ይህቺ ሴት ሐሰተኛ መሆኑን እያወቀች፣ እኔን ላለማሳፈር፣ ከእውነተኞቹ ሁሉ መሀል አስቀምጣው ኖራለች። በዚህ ጊዜ ዝም ብል ሰው አይደለሁም።

«ማንም አላታለለኝም» አልኩ። «እኔ ነኝ ያሸግሁት።»

ጋዜጣው እጇ ላይ ቀረ። «ለምን?»

«ክፈቺው።»

«ሌስሊ፣ ለምን እንደሆነ...»

«እባክሽ። ክፈቺው።»

በጥፍሯ ላስቲኩን ቀደደችው። ያን ድምፅ ስሰማ፣ ይቅር በሉኝ፣ እንደዚያም ሆኖ ሰቀጠጠኝ። ካሴቱን አውጥታ ገለበጠችው። ቀለበቱን አየችው። ወንበሩን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች።

«ይህን ሁሉ ጊዜ እዚህ ውስጥ ነበር?»

«ነበር።»

«የኬኩ ቀን?»

«የኬኩ ቀን።»

ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀችም። «ያን ቀን» አለች፣ «ዛሬስ ይናገራል ብዬ ቀሚስ ገዛሁ። ጠየቅሁህ፣ ሌላ የምትለኝ የለም ወይ አልኩህ። ፀሐይ እንዳይመታው አልከኝ። አንተ ከበሩ እንደወጣህ ለእህቴ ደወልኩላት። ይህ ሰው በዕድሜው አይናገርም፣ እመጣለሁ፣ አልጋ አዘጋጂልኝ አልኳት። አሁን ቤቴን ሸጬ፣ ኩባያዬን በጋዜጣ ስጠቀልል...» አፏን በእጇ ያዘች።

የጠየቅኋት ቀን ነው ተስፋ የቆረጠችብኝ። ይህን ለማሰብ ጊዜ ሊኖረኝ ነው፤ ሶፋው ላይ።

ትሬቨር ጉሮሮውን ጠረገ። «አፍ ፈጥሮልሃል፣ ተናገርበት» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ግሌንዳ፣ አግቢኝ» አልኩ። ያን ያህል ዓመት የከበደኝ ነገር ሁለት ቃል ነበር።

ዓይኗን ጠረገችና አየችኝ። «የት አድርገን? ይህ ቤት የሌላ ሰው ነው። እህቴ ጋ አልጋ እንጂ ክፍል እንኳ በቅጡ የለም። ቤትህን አውቀዋለሁ። እኔን የት ልታስቀምጠኝ ነው፣ ካርቶኖቹ ላይ?»

እውነቱን ልናገር። አፍታ ያህል፣ ከሦስቱ ክፍሎች የትኛው ቢለቀቅ ጉዳቱ ያንሳል ብዬ አሰላሁ። ስሌቱ ፊቴ ላይ ሲያልፍ አየችው፤ ቀለበቱን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ እኔም አየኋት። ያን ጊዜ ነው ስሌቱን የተውኩት።

«ትሬቨር» አልኩ፣ «መኪናህ ምን ያህል ቦታ አላት?»

«ለምኑ?»

«የግሌንዳን ካሴቶች ተዋቸው፣ አትጫናቸው። እኔ ቤት እንሂድ። ሦስቱንም ክፍል ባዶ አድርገህ ውሰድልኝ።»

«የታሸጉትንም?»

«ከታሸጉት ጀምር።» ይህን ብዬ እንባዬ መጣ። ባቡር ስለተሸጠ የሚያለቅስ ሽማግሌ። ትሬቨር እንኳ መሳለቁን ትቶ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ግሌንዳ ተነሥታ ኮቷን ከመስቀያው አወረደች።

«ወዴት ነው?» አልኳት።

«አብሬያችሁ ነው የምሄደው» አለች ቀለበቱን ከጠረጴዛው አንሥታ ኪሷ እየከተተች። «ክፍሎቹ ባዶ ሲሆኑ በዓይኔ ልይ። ከፍቶ መልሶ የሚያሽግ ሰው አላምንም።»